ሁለተኛው ሳህን

ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ፣ የጅማ ገበያ ሲደራ፣ ፈድሊያ ምግብ ቤት ይመጣሉ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነውና ስማቸውን አልጠየቀቻቸውም። በወጣትነታቸው በታይዋን መርከብ ላይ ወጥ ቤት እንደነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ ደጅ እንደሚሰለፉ ግን ታውቃለች።

ኮሌታው የነተበ ካፖርታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ነጭ ሩዝ ያዝዛሉ፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የባዶው ወንበር። ከኪሳቸው ሁለት ጥንድ የቀርከሃ መብያ እንጨት አውጥተው በመሀረብ ይወለውላሉ።

«ታይዋን ከሄድሽ ትልቅ ሆቴል እንዳትገቢ» ይሏታል። «ቤተ መቅደሱ ደጅ፣ አሮጊቶቹ ድስት ጥደው የሚሸጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ በይ። የአገሬው ምግብ ያለው እዚያ ነው።»

«ወላሂ አባባ፣ እኔ አጋሮንም በቅጡ አላየሁ!»

አንድ ቀን ፈድሊያ ጠረጴዛውን ስታስተካክል የባዶውን ወንበር እንጨቶች ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጋ ሰካቻቸው። ሽማግሌው ፈጥነው ነቀሏቸው።

«እነሱ አገር እንዲህ የሚሰካው ለሞተ ሰው ነው። የእኔ ልጅ መጥቶ ይበላል።»

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እስር ቤቱ ደጅ የወሰዱትን የምሳ ዕቃ እንደሞላ ይዘው ገቡ።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ አሉኝ» አሏት። እንደ ወትሮው ሁለት ሳህን አዘዙ። የራሳቸውን አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ በሉ። ከዚያ የልጃቸውን እንጨቶች ወለወሉና ሩዙ መሀል ቀጥ አድርገው ተከሏቸው፤ ካፖርታቸውን ቆልፈውም ወጡ።

ፈድሊያ ያንን ሳህን ላንሳ ብትል እጇ እንቢ አላት።