የእህቴ ባል የሰንበት ወጥ

እኛ ቤተ እስራኤላውያን ነን። እናቴ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷን ታጠፋለች፤ ቅዳሜ እስኪመሽ ድረስ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን የሚበላው ዓርብ የተጋገረ ዳቦ ነው፣ እንደቀዘቀዘ።

ለእህቴ ባል ይህ ኋላ ቀርነት ነበር። ጥቂት ወር የሃይማኖት ትምህርት ተምሮ ሊቅ ሆኖብን አረፈው። "እማማ፣ እርስዎ ሕጉን አያውቁትም። ምድጃው ከዓርብ በርቶ ካደረ ችግር የለውም" አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰንበት ያከበረችን ሴት ሊያስተምር!

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ዶሮ ወጡን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣደ። ቶሎ እንዲሞቅለት እስከ መጨረሻ እንደከፈተው መብራት ሄደ፤ ፀሐይም ጠለቀች። መብራቱ የመጣው በማግስቱ፣ ጸሎት ላይ ሳለን ነው። ብዙም ሳይቆይ ወጡ ያርር ጀመር። በሰንበት ማጥፊያውን መንካትም ሆነ ሌላውን ሰው "አጥፋልኝ" ብሎ ማዘዝ ደግሞ ክልክል ነው። ሊቁ በር ላይ ቆሞ ክርስቲያን ጎረቤት ካለፈ ብሎ አንገቱን ያሰግጋል።

በመጨረሻ የክርስቲያን ጎረቤታችን ሚስት የማረር ሽታ አስደንግጧት መጣች። "ምንድነው የሚያርረው?" አለችው።

"እኔ ምንም አላልኩም" አላት፣ ዓይኑን ማጥፊያው ላይ ተክሎ።

አጠፋችለትና እየሳቀች ወጣች።

እናቴ ከዳቦዋ ቆርሳ ሰጠችው። ያ ዓይን አውጣ አላመጠ፣ አላመጠና፣ "ትንሽ ደርቋል" አላት።