ቀምሳ የማታውቀዋ ጠጅቱ

የፉሪዋ ጠጅቱ የምትሠራውን ወጥ ቀምሳ አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሠርግም ለተዝካርም ስትጠራ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታሸትትና «በርበሬው ገና አልበሰለም» ትላለች፤ በቃ። ጨውንም የምትለካው በእፍኟ ነው። ጾም ይሁን ፍስክ ልማዷ አንድ ነው። ትንሽ ትዕቢትም አለባት፤ የሚቀምስ ወጥ ሠሪ ስታይ ትስቃለች።

በ2008 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አገሩን ሲያምሰው የእነሱ ማሳ ቀድሞ ለግንባታ ተወስዶ ነበር። ባሏ መገርሳ ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ያኔ ነው ሰበታ ያለ አንድ የቅመም ፋብሪካ ቀማሽ ይፈልጋል ሲባል የሰማችው። ገዢዎቹ ፈረንጆች ስለሆኑ ጣዕሙን በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ነው።

አስተማሪዋ ከአዲስ አበባ መጥታ ግቢያቸው ውስጥ ቤት የተከራየችው ራዲያ ሆነች።

«እትዬ፣ ቀላል ነው። ጋርሊክ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ምግቡ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲል ጋርሊኪ ትያለሽ። በተር ቅቤ፣ በተሪ። ፔፐር በርበሬ፣ ፔፐሪ። ሶልት ጨው፣ ሶልቲ።»

«ዝንጅብልስ?»

«ጂንጀሪ።»

«ዋቃዮ! ሁሉም ኢ፣ ኢ! ፈረንጅ ጥርሱን ሳይገልጥ አይበላም እንዴ?»

አፍንጫዬ ይበቃኛል ብላ አንድ ወር አጠናች።

ፈተናው ታኅሣሥ ላይ ዋለ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲ የለም። በእግሯ ሄደች። ሌሎቹ ተፈታኞች ቀርተው ፈታኙ አቶ እሸቴ ብቻውን ተቀምጧል። አምስት ሳህን ስጎ ደረደረላት።

ጎንበስ እያለች አሸተተች። «ጋርሊኪ። ፔፐሪ። ጂንጀሪ። በተሪ።» እሸቴ በአድናቆት ያያታል። አምስተኛው ቅቤ ቅቤ ከመሽተት በቀር ሌላ ሽታ አልነበረውም።

«ይኼም በተሪ።»

«አይደለም። ይቅመሱት እንጂ።»

«የነቢያት ጾም ነው።»

«ሥራው እኮ ቅምሻ ነው፣ እናቴ!»

ጨው አይሸትም። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ጠጅቱ ግን በገዛ እፍኟ ተማምና ስለኖረች፣ ሌላ ሰው የጨመረው ጨው ይገጥመኛል ብላ አስባ አታውቅም። ራዲያም አላሰበችም፤ ጎረቤት ሆነን ስናበረታታት የከረምነውም አላሰብንም።

መገርሳን አሰበች። ማንኪያውን አነሳች።

«ሶልቲ» አለች።

ሥራውን አገኘች። ቤት ስትመለስ ራዲያ በር ላይ ሰምታ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ጠጅቱ አፏን ያዘችባት።

«ተይ። ጾሜን ገድፌ ነው ያገኘሁት።» ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «የባሰው ደግሞ ምን መሰለሽ? ጨው በዝቶበትም ጣፈጠኝ።»