ከደረቱ የወጣው ሲባጎ

ባሌ ድንች ነጋዴ ነው፣ አንጋጫ ገበያ ላይ። የጆንያ አፍ ሰፍቶ ሲጨርስ ረጅሙን መርፌ ከነሲባጎው ሸሚዙ ደረት ላይ ይሰካዋል። «ኪስ የለህም ወይ አንተ ሰው?» ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ! መች ሊሰማኝ፤ ጆንያ የሚሰፋ ሁሉ እንደዚያው ነው የሚያደርገው።

ያን ቀን ታላቅ ወንድሙ ከሺንሺቾ መጣ። ከተያዩ ወራት አልፏቸው ነበርና ገና ሲያየው ሮጦ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው። ባሌ «እህ» አለ። ሲላቀቁ መርፌው የለም። ከሸሚዙ ላይ የቀረው ሲባጎው ብቻ ነበር። እሱም ዝም ብሎ አልተንጠለጠለም፤ ይዘላል። ነፋስ የለም፣ የነካው የለም፣ ብቻውን ቱክ ቱክ ይላል። በስመ አብ! ጠጉሬ ቆመ።

ወንድምዬው ሊስበው እጁን ሰነዘረ። «ብረት ሰው ገላ ውስጥ አያድርም!» ይላል እያለቀሰ። ባሌ ቀስ ብሎ «ተወው፤ ስትነካው ጉሮሮዬ ድረስ ይሰማኛል» አለ። የወንድምዬውን እጅ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው!»

አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ ሆሳዕና እስክንደርስ ዓይኔን ከሲባጎው አልነቀልኩም። መጀመሪያ ላይ ማየቱ ራሱ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። መንገድ ላይ ባሌ ዓይኑን ሲጨፍን ግን ሲባጎውን መለመን ጀመርኩ፤ «አደራህን፣ እንዳትቆም!» እያልኩ፣ እንደ እብድ። ሆሳዕና ላይ ሐኪሞቹ በራጅ አይተው መርፌው ልቡ ላይ መሰካቱን ነገሩን፤ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀው ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

እዚያ ቀዶ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቶ መርፌው መውጣቱን፣ የልቡም ቀዳዳ መሰፋቱን ነገረን። «ገበያው ላይ ስባችሁት ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር» አለ። ወንድምዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ባሌ ጋ ሲያስገቡኝ ፊቱን እንኳ አላየሁም፤ ቀጥታ ደረቱን ነው ያየሁት። ነጭ ፋሻ። ጸጥ ብሏል፤ የሚዘል ነገር የለም። «ሞቷል! ኧረ ሞቶብኛል!» ብዬ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ባሌ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይተኛበት እንጂ» አለኝ፣ በሰለለ ድምፅ።

እሱ ተቆጥቶኝ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እግሩን አቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።