የኮቱ ቁልፍ

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትታመም ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ቁልፍ መትከልም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ክሩን አራት ጊዜ ታዞርና በጀርባው አሻግራ ትቋጨዋለች። ደንበኞቿ «ኮቱ ያልቃል እንጂ የሷ ቁልፍ አይወልቅም» ይላሉ።

ዓምና የተሳፈረችበትን አውቶቡስ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች አገቱት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጫካ ውስጥ ከረመች። ሹፌሩ፣ የጎረቤታችን ባል፣ የስኳር መድኃኒቱን ቀምተውት እዚያው ሞተ። እሷ ግን ከተመለሰች ወዲህ አጋቾቹን «ልጆቹ» ነው የምትላቸው። ልጆቹ ብርድ ልብስ ሰጡኝ፤ ልጆቹ ቁስሌን አጠቡልኝ።

«ያቆሰለሽስ ማን ሆነና? ለሰርጋቸው ሱፍ ስፊላቸዋ።»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም፣ እትዬ።»

ከግድግዳው ማዶ የሹፌሩ ሚስት ትሰማለች።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራች፤ ተከትያት ሄድኩ። አንድ ሰው ተይዟል። የአጋቾቹን ፊት ያየ ስለሌለ የቀረው ማስረጃ ቤቱ የተገኘው ኮት ነው። ከታጋቾቹ አንዱ፣ እህቴ ለአንደኛው አጋች የኮት ቁልፍ ስትተክል አይቷል። መርማሪው ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«የእርስዎ እጅ ነው?»

«አይደለም» አለች፣ ሳትነካው።

በሃያ ዓመት የሰፋችውን ክዳ አታውቅም። የተጣመመ ኪስ መልሰው ሲያመጡላት እንኳ «የኔው ጥፋት ነው» ብላ ነው የምትቀበለው።

ጠጋ ብዬ፣ «የሹፌሩስ ሬሳ?» አልኳት።

«የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።»

«የራስሽን ስንቅ ነጥቀው ነው ያጎረሱሽ።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። ኮቱን ገለበጥኩት። አራት ዙር፣ በጀርባው ተሻግሮ የተቋጨ።

«የሷ ነው» አልኩ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ።» ቃሌን ሰጥቼ ፈረምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቴ ወንበር ላይ ተጥሏል፤ የተከለችልኝ አምስቱም ቁልፎች ተፈትተው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መርፌና ክር አነሳሁ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አንድ በአንድ መልሼ ተከልኳቸው፤ አራት አራት ዙር። ቀና ብላ አላየችኝም።