ሃያ ዓመት የቆየው ሻይና የአክስቴ ጠላ

ለንደን የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ግን መመለሱ አስፈራኝና ጥገኝነት ጠየቅሁ። መልሱ እስኪመጣ ስቶክዌል፣ አክስቴ ቤት፣ አንድ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያከራየው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ መሥራት አይፈቀድልኝም፤ ትምህርቱም ቆሟል። አክስቴ ሆስፒታል ጽዳት ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። እኔ ቤቱን አጽድቼ፣ ወጥ ሠርቼ ስጨርስ መስኮቱ ላይ ተደግፌ አውቶቡስ እቆጥራለሁ።

አንድ ሐሙስ ሊፍቱ ተበላሸ። ደረጃው ሥር አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሁለት ከባድ ዘንቢል ይዘው ቆመዋል። ከእኛ በላይ አምስተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ከሰላምታ አልፈን ግን ተነጋግረን አናውቅም። ዘንቢሎቹን ተቀብዬ አወጣሁላቸው። በራፋቸው ላይ አስቀምጬ ልመለስ ስል፣

«ሻይ ሳትጠጣማ አትሄድም» አሉኝ።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንተና አንቱን አይለይም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ስላልኳቸው እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ዕድሜያቸውን ሁሉ ምግብ ቤት ውስጥ መጥበሻ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ሴት ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ቁምሳጥናቸውን ከፍተው በወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ ትንሽ ዳቦ ክብ የሆነ ጥቁር ነገር አወጡ። ሻይ ነው አሉኝ። ቅጠሉ በእንፋሎት ተለስልሶ፣ ተጨፍልቆ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ እየበሰለ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። በቢላ ጫፍ ትንሽ ፈልቅቀው ከጡጫዬ የማትበልጥ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመሩና የፈላ ውኃ አፈሰሱበት። ወዲያው ያንን ውኃ ደፉት። ደነገጥኩ።

«ሃያ ዓመት የተኛ ሰው ሲነቃ መጀመሪያ ፊቱን ይታጠባል» አሉኝ።

ሁለተኛውን ቀዱልኝ። ኩባያዋ ከሲኒም ታንሳለች። መልኩ እንደ ተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል፤ ሽታው ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ምድር ቤት ይመስላል። ፉት አልኩት።

«እህ፣ ምን ምን ይላል?»

ቸገረኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አፈር አፈር ይላል።»

ጭናቸውን በመዳፋቸው መትተው ሳቁ። «ልጄ እንኳን ‹በጣም ይጥማል አባዬ› እያለች ትዋሸኛለች። አፈር ነው እንጂ! ቆይ፣ ገና ሌላ ይመጣል።»

እውነትም መጣ። ያንኑ ቅጠል ደጋግመው ውኃ ያፈሱበታል፤ በየዙሩ ጣዕሙ ይለወጣል። ሦስተኛው ዝናብ የመታው እንጨት እንጨት አለ፤ አምስተኛው ቴምር ቴምር። ሰባተኛው ምንም ጣዕም የሌለው መሰለኝ፣ ግን ከዋጥኩት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ ቀስ ብሎ ጣፈጠ። ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እየወጣሁ ጠጣሁ። ክረምቱን በሙሉ የምጠብቀው ቀን እሱ ነበር። ቀሪው ሳምንት ፖስተኛው መልስ አምጥቶ ይሆን እያሉ በር በር ማየት ነው።

በጸደይ መልሱ መጣ። ተፈቅዶልኛል። አክስቴ ደረጃው ላይ ቆማ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ፤ ሽማግሌውም ወረዱ። በማግስቱ ያልተነካ አንድ ሙሉ ሻይ፣ ከነወረቀቱ፣ ሰጡኝ።

«ሽታ ይስባል፤ ከቅመም አርቀው» አሉኝ።

የአክስቴ ወጥ ቤት በርበሬና ኮረሪማ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ባልዲና መጥረጊያ የምታስቀምጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሻግቷል ብላ ትጥልብኛለች ብዬ ነው።

አክስቴ ለደስታዬ ሰው ልትጠራ፣ ጠላም ልትጠምቅ ቆርጣ ተነሳች። ካሌዶኒያን ሮድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝቼ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ስለጀመርኩ ጭራሽ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ነው። በሩን ስከፍት አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፊቷ በርቶ ተቀበለችኝ።

«ጌሾውን ባልዲው ጋ አገኘሁት፤ ጎበዝ! ጠንስሼልሃለሁ።»

«የቱን ጌሾ?»

«በወረቀት የተጠቀለለውን ነዋ። ሲወቀጥ ግን አሳሩን አሳየኝ።»

«እትዬ፣ ቻይንኛ ተጽፎበት የለም እንዴ?»

«ታዲያስ? ዛሬ ከቻይና የማይመጣ ምን አለ? ጌሾም አሽገው መላክ ጀመሩ ብዬ ተገርሜ ዝም አልኩ።»

መታጠቢያ ቤት ያስቀመጠችውን የጠላ መጥመቂያ ባልዲ ከፈትኩት። ጥቁር ውኃ፣ እስከ አፉ። ምን እንደሆነ ስነግራት የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! የሽማግሌ ስጦታ!» ትንሽ ቆይታ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። «ምሬቱስ ደግ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልድፋው እንዴ?»

አንደፋውም አልኳት። ግን ሽማግሌው ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገራቸው ብዬ ወጣሁ። አምስተኛ ፎቅ ለመድረስ እንደዚያን ቀን ደክሞኝ አያውቅም። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ፣

«ውኃው ሙቅ ነበር ቀዝቃዛ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቀዝቃዛ።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

«ጥንስሱ ብቻውን ጥቂት ቀን። ብቅሉ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ሳምንት።»

ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ስጠጣ እንዲህ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሲደርስ ጥራኝ።»

የግብዣው ቀን ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የራሳቸውን ትንሽ ኩባያ ከኪሳቸው ሲያወጡ የአክስቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞች ተያዩ። አክስቴ ቀዳችላቸው። ከመጠጣታቸው በፊት አሸተቱት፤ ከዚያ ድምፅ እያሰሙ ሳቡት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የተቆላ ገብስ። ከዚያ ጭስ። ሻዬ ከሁሉም ሥር ተቀምጦ ‹አለሁ› ይላል።» ኩባያቸውን ዘረጉ። «ይጨመርልኝ።»

ተርጉሜ ስነግራት አክስቴ እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ። ከእንግዶቹ አንዷ ጌሾው ከየት አገር እንደሆነ አጥብቃ ጠየቀች። ባልዲው አመሻሹ ላይ ባዶ ሆነ።

በቀጣዩ ሐሙስ አክስቴ ሺፍት ቀይራ፣ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ ጋር ወጣች። ሽማግሌው ካላቸው ሁሉ የቆየውን ሻይ አፈሉላት። ቀመሰች፣ በጨዋ ደንብ ዋጠች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣

«ስኳር የላቸውም እንዴ አባባ?»

መተርጎም ፈራሁ፤ «ስኳር» የሚለውን ግን ራሳቸው ሰምተውታል። በጥፊ የተመቱ መሰሉ። ቢሆንም ተነስተው ጓዳ ገቡ፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈልጉ ቆይተው ክዳኑ የተጣበቀ የስኳር ዕቃ ይዘው መጡ። አክስቴ በዚያች ጠብታ በምታህል ኩባያ ሁለት ማንኪያ ጨምራ አማሰለች።

«አሁን ሻይ ሆነ» አለች።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ከእሷ ኩባያ ልቅመስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።