ቁም ሳጥኑን ያነሱልኝ እንግዶች

ባሌ ሲሞት ሴቻ ሰፈር ውስጥ አብረን የከፈትነው መዋዕለ ሕፃናት በእኔ እጅ ቀረ። ለፈቃዱ እድሳት ተቆጣጣሪዎች የሚመጡ ዕለት ከንጋት ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ካልታደሰ እሱ የለፋበት ቤት መዘጋቱ ነው።

ረፋድ ላይ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ገቡ። ባሌ ቀደም ሲል ካምባ ወረዳ ያስተምር ስለነበር፣ ለቅሶ ያልደረሱ ባልደረቦቹ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። እነሱን መስለውኝ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ማልቀስ ጀመርኩ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለው በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሕመሙን ከመነሻው ነገርኳቸው፤ ዓይኔ ግን መንገዱ ላይ ነበር።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኳቸው በመጨረሻ። "ዛሬ ተቆጣጣሪዎች ይመጡብኛል። ያ ግድግዳ ልስኑ ረግፏል፤ እሱ ሊያድሰው ነበር፣ አልደረሰም። ሳይመጡ ቁም ሳጥኑን ብታስጠጉልኝ?"

ወንዶቹ ተያዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ቁም ሳጥኑን ተሸከሙና የረገፈውን ሸፈኑልኝ። እንዲያውም አንዱ ራቅ ብሎ አየና፣ "ትንሽ ወደ ግራ፤ አሁንም ይታያል" አለ።

ሴትዮዋ ስትሰናበተኝ አቀፈችኝ። "እህቴ፣ ተቆጣጣሪዎቹ እኛ ነን" አለችኝ በጆሮዬ።

ዞሬ ቁም ሳጥኑን አየሁት።

"አይዞሽ። ዛሬ ለቅሶ ነው የደረስነው፤ ለቅሶ ቤት የታየ አይጻፍም። ሰኞ ለሥራ እንመጣለን፤ እስከዚያ ግድግዳውን አስለስኚ።"

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"ቁም ሳጥኑን ግን ራስሽ አስመልሺ። እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን ያማቸዋል።"