ባሌ ከውሃ በታች የተነፈሰው አየር

የጠላቂ ዕቃን ታሪክ የሰማሁት ከባሌ የአጎት ልጅ አፍ ነው። ሰውየው ምጽዋ ወደብ ጥቂት ጊዜ ወጥ ቤት ሠርቶ ሶዶ የተመለሰው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ድንች ሲልጥ መርከብ አይቷል፤ በቃ፣ ባሕሩን የፈጠረው እሱ ነው! ቤታችን በመጣ ቁጥር ያው ወሬ ነው። «ፈረንጅ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የገባው ድስት ደፍቶ ነው፤ የተደፋ ድስት ውስጥ አየር ይቀራላ! ቀጥሎ አቁማዳ ነፍቶ ይዞ ገባ። ከዚያ ከላይ አየር የሚነፋለት የመዳብ ቆብ አበጀ። አሁን ደግሞ አየሩን በብረት ጠርሙስ ጀርባው ላይ አዝሎ ይጠልቃል።» እኔ ቆጮ እየቆረስኩ፣ «ለሶዶ ሰው ምን ይረባዋል?» እል ነበር። ከገበያው ጭቃ በቀር የምንጠልቅበት አልነበረንማ።

ወሬው የሚረባበት ቀን መጣ። ባሌ ጉኑኖ ላይ ወፍጮ ሊተክል፣ ያለንን ሁሉ አሟጦ ከአባያ ሐይቅ ማዶ አሮጌ ሞተር ገዛ። በጀልባ አሻግረው በሁምቦ በኩል ሊያወርዱት ሲሉ ጀልባዋ ጋደል አለች፤ ሞተሩ ጥልቅ! ከዳር ብዙም አይርቅም፤ ጥልቀቱም አንድ ረጅም ሰው እጁን ወደ ላይ ቢዘረጋ ነው። ግን ጭቃው ይዞታል፤ ገመድ ለማሰር እታች መቆየት ያስፈልጋል። ሞተሩ ካልወጣ እኛም አለቀልን።

የምጽዋው ሰው ደረቱን ነፋ። «እኔ እያለሁ!» አለ። የመዳብ ቆብ ከየት ይምጣ? የናፍጣ በርሜል አስቆረጠና ከፊቱ የመኪና መስተዋት አስገጠመበት። የአባያ ውሃ እኮ ወተት የገባበት ሻይ ነው የሚመስለው፤ የራስህን እጅ አታይበትም! መስተዋቱ ለምኑ ነው ብል «ደንቡ ነው» አለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። በርሜሉ ላይ ረጅም የጎማ ቱቦ ተቀጠለ፤ በቱቦው ጫፍ ደግሞ ወናፍ። ወናፍ ያለው ማን ነው? ብረት ቀጥቃጩ።

ያልነበራችሁበት ዘመን ነውና ልንገራችሁ። በኛ አገር ማረሻህን የሚሠራልህ ቀጥቃጭ ቤትህ አይገባም፤ ገበታህም ላይ አይቀመጥም። ምግቡን ደጅ ላይ በእንሰት ቅጠል ትሰጠዋለህ፤ ሳህንህን ከነካ ረከሰ ነው። ባሌ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት «ሁላችን አንድ ነን» እያለ ከሰው ሁሉ በላይ ጮኾ ይዘምራል። ሰኞ ግን ያው ነው።

ሐይቁ ዳር ደረስን። ቀጥቃጩ፣ አፉ እሳት የሆነ ግዙፍ ሰው፣ ወናፉን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ባሌ ወገቡ ላይ ብረት ታስሮለት፣ በርሜሉ በብብቱ ሥር በጠፍር ሊታሰርለት ሲል ቀጥቃጩን አየውና ቆመ።

«እሱ ነው የሚነፋልኝ?»

«ወናፉ የኔ ነው፤ ታዲያ ማን ሊነፋልህ ነው?» አለ ቀጥቃጩ።

«የእሱ ትንፋሽ ሆዴ አይገባም!»

«ኧረ በፈጠረህ! የሚነፋው በእጁ ነው እንጂ በአፉ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ከእጁ የወጣ ያው ከእሱ ነው» አለኝ፤ ኩራቱ!

ቀጥቃጩ እስኪያስለው ሳቀ። «ሲያንቃችሁ ጥሩኝ» ብሎ ተነስቶ ሄደና ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ወናፉን የምጽዋው ሰው ያዘ፤ ዘሩ ንጹሕ ነዋ!

ባሌ ገባ። ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ውሃው አረፋ ያወጣል። ሰው ለማየት ሲሰበሰብ ግን የምጽዋው ሰው ልቡ አበጠና ታሪኩን ጀመረላቸው። የድስቱን እየነፋ አወራ። የአቁማዳውን እየነፋ አወራ። የመዳብ ቆቡ ጋ ሲደርስ፣ ክብነቱን በሁለት እጁ ሊያሳያቸው ወናፉን ለቀቀው!

አረፋው ቆመ። ገመዱ እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ፤ ልጎትት ብል ብረቱ አልነቃነቅ አለኝ። «ሞተብኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ቀጥቃጩ ሮጦ መጣ። የምጽዋውን ሰው ገፍትሮ ጭቃ ላይ ዘረረውና ወናፉ ላይ በደረቱ ተጋድሞ ይጨምቀው ጀመር። አረፋው ተመለሰ፤ ገመዱም ረጋ። ባሌ ሞተሩን አስሮ እስኪጨርስ ድረስ ያ ሰው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ነፋለት። ቀጥቃጩ ባሌን ሊጎትት ከወንዶቹ ጋር ሲነሳ ደግሞ፣ የምጽዋው ሰው ጭቃውን ጠርጎ ወናፉን መልሶ ጨብጦታል።

ባሌ በርሜሉ ከላዩ እንደተነሳለት ዘመዱን አቀፈ። «መሃል ላይ ደክሞህ ነበር መሰለኝ፤ በኋላ ግን የላክህልኝ አየር! አይ የወገን እጅ!» አለው። ሰውየው ያፍራል ብላችሁ? «ምን አደረግኩና» አለ እቴ! እኔ አፌን ስከፍት ቀጥቃጩ ቀደመኝ። «ተይው፣ ይደሰት። የኔ አየር እንደሆነ ሆዱ ገብቷል» ብሎ በጆሮዬ ሳቀብኝ።

ሞተሩ ወጣ፤ ሶዶ ቤታችን ድግስ ሆነ። ጥሬ ሥጋ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር ቀረበ። የምጽዋው ሰው ከባሌ ቀኝ ተቀምጦ ጠርሙስ ስለሚያዝሉት ጠላቂዎች ያወራል። ባሌ ደጅ ወደተቀመጠው ቀጥቃጭ በአገጩ እያመለከተ፣ «ለዚያ ሰውዬ በቅጠል አውጪለት» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጓሮ ወጥቼ እንሰት ቅጠል ቆረጥኩ፤ ሥጋውን ጫንኩበትና መጥቼ ባሌ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድርሻህ ነው» አልኩት በሹክሹክታ። «ወናፉን የነፋልህ እሱ ነው፤ ዘመድህ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ልትሞት ነበር። በወጋችን ከሆነ አንተም ረክሰሃል።»

ወደ ዘመዱ ዞረ። ዘመዱ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። ያኔ ገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ተነስቶ ይወጣል፣ ያንን ሰው እጁን ይዞ ያስገባዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ሞኝ!

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ። እንግዶቹ ሳያዩበት ቅጠሉን ወደ ጉያው ሳበና ቶሎ ቶሎ ይጎርስ ጀመር።

እኔም የእሱን ሳህን ሞልቼ ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ።